ማን ማንን ይቅርታ ጠየቀ

ሃያትን ያገኘኋት እዚህ ጀርመን፣ ሮደልሃይም ከሚባለው ሰፈር ካለው የጥርስ ሐኪም ዘንድ ግማሽ አፌ ደንዝዞ ስወጣ ነው። ሐኪሙ መርፌውን ከወጋኝ በኋላ «ለሁለት ሰዓት ያህል ምላስዎን እንዳይነክሱ ይጠንቀቁ» ብሎኛል። ብዙ ዓመት በምላሷ እንጀራ ለበላች አስተርጓሚ ደግ ምክር ነበር፤ ዘገየ እንጂ። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው ዳቦ ቤት በር ላይ ቆሜ አፌን በመሐረብ ደግፌ ሳለሁ አንዲት ሴት «እትዬ በላይነሽ ነዎት?» አለችኝ። የአረጋውያን ቤት ሠራተኞች የሚለብሱትን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሳ ካፖርት ደርባበታለች፤ ፀጉሯን በግራጫ ሻሽ ሸፍናለች። አላወቅኳትም። «ሃያት ነኝ፣ የኢድሪስ ልጅ፣ የጻይልስሃይም ሰፈሩ» ስትለኝ ዓይኗን አስታወስኩት። መጨረሻ ሳያት ኮረዳ ነበረች፤ በአማርኛ ሳናግራት በጀርመንኛ ነበር የምትመልስልኝ። አሁን አማርኛ ትናገራለች፤ አብረዋት አረጋውያን ከሚንከባከቡት፣ ከአገር ቤት አዲስ ከመጡት ልጆች የለመደችው ነው፣ አባቷ ከሚናገሩት የድሮ የትምህርት ቤት አማርኛ ጋር አይገናኝም።

«አባቴ በጣም ሲፈልግዎት ነበር» አለችኝ። «የድሮው ቁጥርዎ አይሠራም። ሶንታግ ፍራይ ነኝ፣ እሑድ ሥራ የለኝም፤ ቤት ይምጡ በእናትዎ።»

«ደህና ናቸው?»

«ደህና ነው፤ ሰማንያ ሞላው እንጂ። የሚተረጎም ወረቀት አለው። ሌላ ዶልመቸር፣ ሌላ አስተርጓሚ አይነካውም ይላል። ከእሷ በቀር ማንም አያውቀውም ነው የሚለው።»

«እመጣለሁ» ለማለት ፈልጌ ከአፌ ምን እንደወጣ እኔም አልሰማሁትም፤ እሷ ግን ገባትና ሳቀች። የትኛው ወረቀት እንደሆነ ለማወቅ ግን ማሰብ አላስፈለገኝም። ባቡር ውስጥ ተቀምጬ ልቤ ይደነግጥ እንደሆነ ጠበቅኩት። አልደነገጠም። አላዘንኩም፣ አላፈርኩም፤ መስኮቱን ብቻ አየሁ። ሰው ይህን ሲሰማ ጨካኝ ናት ይለኝ ይሆናል። ጨካኝ አይደለሁም፤ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ቦታ ላይ ደንዝዤ እዚያው የቀረሁ ሴት ነኝ።

ነገሩ የሆነው የጀርመን ገንዘብ ማርክ ሊቀር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነበር። ሱቁ ሁሉ ሁለት ሁለት ዋጋ ይለጥፋል፤ ኪሎ ቲማቲም ሁለት ማርክ ከሰማንያ፣ ከሥሩ በአዲሱ ገንዘብ አንድ ከአርባ ሦስት። አሮጊቶቹ ጀርመኖች መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቅርጫቱ ፊት ቆመው ያጉረመርማሉ፤ ዛሬ እኔም እንደ እነሱ ሆኜ አጉረመርማለሁ። ኦስትኤንድ የሚባለው ሰፈርም ያኔ የዛሬው ኦስትኤንድ አልነበረም። አሁን ትልቁ ባንክ በመስተዋት ተሸፍኖ የቆመበት ቦታ የአትክልት ጅምላ ገበያ ነበር። ጠዋት ከባቡር ስወርድ የተረገጠ ጎመንና የበሰበሰ ብርቱካን ሽታ ነበር የሚቀበለኝ፤ የአዲስ አበባን አትክልት ተራ የሚያውቅ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቢያልፍ አገሩ የገባ ይመስለው ነበር። እኔ ያኔ ትከሻው በስፖንጅ የተሞላ ሰማያዊ ኮት ነበረኝ፤ ፋሽኑ አልፎበታል፣ ግን ፍርድ ቤትም ስብሰባም የምሄደው በእሱ ነው። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ጀርባ አንዲት ጠባብ ካሴት ቤት ነበረች። ከመረብ ወዲህ ያለውም ከመረብ ማዶ ያለውም ያንኑ ዘፈን ከዚያው ይገዛ ነበር። ከድንበሩ ጦርነት በኋላ ባለቤቱ ሳያዛቸው ቀን ተከፋፈሉ፤ የኛዎቹ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ እነሱ ዓርብ ከሰዓት። ዘፈኑ አልተለወጠም። ሰውየው አንድ ቀን «ገበያዬን ለሁለት ከፈሉልኝ፣ ዘፋኙን ግን መክፈል አቃታቸው» ብሎ አስቆኛል።

አቶ ኢድሪስን የማውቃቸው ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ነው። ከሚሠሩበት ኬሚካል ፋብሪካ የደረሳቸውን ደብዳቤ ላስተረጉም ብለው መጡና ደብዳቤውን ራሳቸው አንብበው አስረዱኝ፤ የፈለጉት ማኅተሜን ብቻ ነበር። አሥመራ በአማርኛ ነው የተማሩት። የእጅ ጽሑፋቸው ከኔ ያምራል፤ «ሀ»ን ከ«ሐ» ሳይለዩ የሚጽፉ ሰዎችን ይንቁ ነበር፣ እኔንም ጭምር። ከመሰደዳቸው በፊት፣ እሳቸው ወደብ ከተማ ሥራ ላይ ሳሉ አንድ ጠዋት ወታደሮች ቆላ ካለችው መንደራቸው ገቡ። ሽፍታ ደብቃችኋል አሏቸው። ሰዉን ሰብስበው ገደሉ፤ ቤቱን አቃጠሉ። እናታቸውና ታናሽ ወንድማቸው እዚያ ቀሩ። ይህን አንድ ጊዜ ነው የነገሩኝ፣ ከዚህ በላይም አልጨመሩም። ወታደሮቹ ከየት የመጡ እንደነበሩ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም፤ ሁለታችንም እናውቀው ነበር።

ያኔ ያስተረጎምኩበትን ስብሰባ የጠራው አንድ የጀርመኖች የሰላም ማኅበር ነው። ድንበሩ ተዘግቷል፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ ወዲህና ወዲያ የቀሩ እናትና ልጅ በስልክ እንኳ አይገናኙም። ከሁለቱም አገር ሥልጣን ያላቸው ግን በይፋ ያልተላኩ ሰዎች መጥተው፣ ቢያንስ ለቤተሰብ መንገዱ እንዲከፈት ይነጋገሩ ተባለ። ሰብሳቢዋ ፍራው ክራውስ የሚባሉ አጭር ፀጉር ያላቸው አዛውንት ሴት ነበሩ። መጀመሪያ እንግዶቹን ወደ መስኮቱ ወሰዷቸውና የአትክልት ገበያውን አሳዩአቸው። በዓለም ጦርነቱ ዘመን የከተማው አይሁዶች በባቡር ወደ ሞት ከመወሰዳቸው በፊት የሚሰበሰቡት በዚህ የገበያ አዳራሽ ምድር ቤት ነበር አሉ። «ጎረቤቶቻችን ዛሬ ከኛ ጋር በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡት ስለረሱ አይደለም፤ እኛ ስላልካድን ነው። ያውም ዘግይተን፣ እየተጎተትን» አሉ። ተረጎምኩት። እንግዶቹ በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኛ ወገን አንዱ ወደኔ ጠጋ ብሎ እዚህ ገበያ ቲማቲሙ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ።

አሁን ሳስበው የሚያስቀኝ ነገር አለ። ከመረብ ማዶ የመጡት ሦስቱም ሰዎች በአማርኛ ከኔ ይበልጣሉ። በዕረፍት ሰዓት ሻይ ሲቀዱ በአማርኛ ሲቀልዱ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስብሰባ ላይ ግን አማርኛ አንሰማም አሉ፤ ወደ ጀርመንኛ ይተርጎምልን፣ ከዚያ የራሳችን አስተርጓሚ ከጀርመንኛው ወደ ቋንቋችን ይመልስልናል አሉ። ለነጻነታቸው ክብር ነው፣ አልፈርድባቸውም። እንዲህ ሆኖ አንዱ የተናገረውን ሌላው ጠንቅቆ ሰምቶ፣ አለመስማቱን ለማስመስከር እኔን ይጠብቃል።

አቶ ኢድሪስ ምስክር ሆነው ተጠርተው ነበር። በክረምቱ ማራገፊያ ሽያጭ በዘጠና ዘጠኝ ማርክ የገዙትን ቡናማ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከእጅጌው ላይ ያልተነሣ የፋብሪካ ምልክት እየታየ፣ ስለ መንደሩ ለእኔ የነገሩኝን ያህል ብቻ ተናገሩ። የመጡት አንድ ዓረፍተ ነገር ለመስማት እንደሆነ አውቅ ነበር። ካሣ አልፈለጉም፤ ሰውም ይታሰርልኝ አላሉም። «አድርገናል» የሚል ቃል ብቻ። ከኛ ወገን ዋናው ሰው፣ መልካም ፊት ያለው ጎልማሳ፣ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ያ ያለፈው ሥርዓት ሥራ ነው። እኛም በዚያ ሥርዓት ወንድሞቻችንን አጥተናል። ሕዝብ ለሕዝብ ቂም የለም። ሁለቱም ወገን ይቅር ተባብሏል።»

ይቅር ተባብሏል። እንዲህ ያለ ቃል ሌላ ቋንቋ ውስጥ አላገኘሁም። ሽማግሌዎች ሁለት የተጣሉ ጎረቤቶችን አስነሥተው «በሉ ይቅር ተባባሉ» ሲሉ ሁለቱም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላሉ፤ አንዱ ወደ አንዱ ጎንበስ ይላል፤ ማን በዳይ ማን ተበዳይ እንደነበር በዚያው ይሸፈናል። ለአጥር ጠብ መልካም ነው። ለምላስ ወለምታም መልካም ነው። «ይቅርታ» ራሱ እኮ ወዲያም ወዲህም ይሄዳል፤ በዳይም ይጠይቀዋል፣ ተበዳይም ያደርገዋል፣ መንግሥትም እስረኛ ሲፈታ ይሰጠዋል። እኔ እንዳለ ተረጎምኩት፤ እርስ በርሳቸው ይቅር ብለዋል አልኩ። ፍራው ክራውስ ብዕራቸውን በፕሮቶኮሉ፣ በስብሰባው ቃለ ጉባኤ ላይ እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። «አልገባኝም» አሉ። «ማን ነው ማንን ይቅርታ የጠየቀው?»

የሙያው ሕግ ቀላል ነው። አስተርጓሚ ሲጠየቅ አይመልስም፤ ጥያቄውን ለባለቤቱ ያስተላልፋል። ዘወር ብዬ «ማን ማንን ነው የጠየቀው ይሉዎታል» ማለት ነበረብኝ። ዘወር አልኩ፤ ዓይኔ ግን ያረፈው ሰውየው ላይ ሳይሆን ያ ምልክት የተንጠለጠለበት የአቶ ኢድሪስ እጅጌ ላይ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ለፍራው ክራውስ በጀርመንኛ «የኛ ወገን እነሱን ይቅርታ ይጠይቃል» አልኳቸው። ጻፉት። ክፍሉ ውስጥ የጀርመንኛውን ብቻ የሰሙት ጀርመኖቹ ናቸው፤ እንደ እሱ የተባለ ነገር እንደሌለ አማርኛውንም የሰማ ሁሉ ያውቃል። የኛው ሰው ጀርመንኛ አያውቅምና ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። የማዶዎቹ በይፋ አማርኛ አይሰሙምና ዝም አሉ። አቶ ኢድሪስ ሁለቱንም ያውቃሉ፤ እሳቸውም ዝም አሉ።

ፕሮቶኮሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተባዝቶ ለሁሉም ደረሰ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሁሉ አልዘረዝረውም። የማዶው ራዲዮ ይቅርታ ተጠየቅን ብሎ ተናገረ። የሌሎች መንደሮች ስም ዝርዝር መምጣት ጀመረ። በምሥራቅ በኩል ያለው ሌላው ጎረቤት ደግሞ «ለእነሱ ከተባለ ለእኛስ?» አለ፤ እሱም የራሱ የተቃጠሉ መንደሮች አሉት። የኛዎቹ ደነገጡ። አንዱን ይቅርታ ከጠየቅን ዙሪያውን ሁሉ ልንጠይቅ ነው፣ ነገ ደግሞ የገዛ አገራችን ሰው ይጠይቀናል ብለው ፈሩ። የመንገዱ ንግግር ተቋረጠ። ሁሉም የሚጠቅሰው ያችን አንዲት መስመር ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ ያየሁት ግን የወጋም እንደማይረሳ ነው፤ ስሙ እንዳይነሣ እንጂ ያስታውሰዋል።

አንድ ቀን ከረባት ያሰረ ለስላሳ አነጋገር ያለው ሰው ቤቴ መጣ። ማን እንደላከው አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። አንድ ገጽ ወረቀት ይዟል፤ በፕሮቶኮሉ የሰፈረው ቃል በተናጋሪው ያልተነገረ የአስተርጓሚ ስህተት መሆኑን አረጋግጣለሁ ይላል።

«ውሸት አለበት?» አለኝ።

«የለበትም።»

«እንግዲያው ምን ያስቸግርሻል? ይህ ከተፈረመ ንግግሩ ይቀጥላል፣ መንገዱ ይከፈታል። ስንት እናት ልጇን ታያለች! የአንድ ሰው ስሜት ይበልጣል ወይስ የሕዝብ መገናኘት?»

እውነቱን ነበር፤ የከፋው ይህ ነው። አለ ያልኩት አልተባለም ነበር። ለፈረምኩት እያንዳንዱ ቃል ዛሬም ብጠየቅ እምላለሁ። ግን ስፈርም የምነጥቀው አቶ ኢድሪስ እጅ ውስጥ የገባችውን አንዲት ነገር እንደሆነ አውቅ ነበር። ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። ስልካቸውን ሳይ ማንሣት ተውኩ፤ ቤትም ቀየርኩ። ከአስተርጓሚዎች ዝርዝር ራሴን አስወጥቼ እስከ ጡረታዬ የመድኃኒት መግለጫ ስተረጉም ኖርኩ። በቀን ሁለት ጊዜ ከምግብ በኋላ፤ ማን ማንን እንደወጋ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ከዚያች ፊርማ ወዲህ ሰው ሲሞትብኝም፣ ሲወለድልኝም የሚገባኝን ያህል ተሰምቶኝ አያውቅም።

መንገዱ በእኔ ፊርማ አልተከፈተም። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔን በማያውቁ ሰዎች፣ በሌላ ምክንያት ተከፈተ። ታላላቆቹ ተቃቀፉ፣ ተዘፈነ፣ ሰዉ አለቀሰ፤ እኔ በቴሌቪዥን አይቼ ሻዬን ጠጣሁ። ይቅር ተባባልን ተባለ። ማን ማንን የሚሉ ፍራው ክራውስ በቦታው አልነበሩም፤ ስለ መንደሩም ያነሣ የለም። ከዚያ መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ። አሁን ደግሞ እንደገና ጎራ ለይተው እየተያዩ ነው ይላሉ። ፖለቲካ አላውቅም። የማውቀው፣ ሁለት ሰዎች አንዱ ያደረገውን ሳይናገር ሲታረቁ በሚቀጥለው ጠብ የሚጀምሩት ካቆሙበት መሆኑን ነው፤ አገርም ከዚህ የሚሻል አይመስለኝም።

እሑድ ወደ ጻይልስሃይም፣ ወደ ቤታቸው በአውቶቡስ ሄድኩ። አቶ ኢድሪስ ቀጥነዋል፤ ሸሚዛቸው እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ሃያት ሻይ አቅርባልን ወደ ጓዳ ገባች። ስለ ጤና ተጠያየቅን፣ ስለ ጡረታ አማረርን። ከዚያ ያንን ፕሮቶኮል አወጡ። ብዙ ከመታጠፉ የተነሣ መሐሉ በፕላስተር ተይዟል።

«የመንደሬ ልጆች ከየአገሩ ተነጋግረው የሟቾቹ ስም የሚጻፍበት ድንጋይ ሊያቆሙ ነው» አሉኝ። «ስሙ በኛ ቋንቋ ይጻፋል። ከታች ይህች ዓረፍተ ነገር ትጻፍልኝ፣ በአማርኛ፣ አልኳቸው። ለምን በአማርኛ አሉኝ። ትእዛዙ የተሰጠው በአማርኛ ነው፤ ይቅርታውም በአማርኛ ይሁን አልኳቸው። እኔ ከጀርመንኛው ገልብጬ አላበላሽም። አማርኛውን አንቺ ጻፊልኝ።»

«አቶ ኢድሪስ፣ አማርኛው የለም እኮ።»

«እንደሌለ አውቃለሁ። እዚያው ነበርኩ፤ ጆሮ አለኝ። ሰውየው ያላለውን አንቺ አልሽ። ያልሽውን ጻፊ።»

ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ያልተነገረ ነገር እንዲህ በቀላሉ ጠረጴዛ ላይ መጣ። ብዕሩን አነሣሁት፤ መልሼ አስቀመጥኩት። «የማያውቁት አለ» አልኳቸው። «በኋላ ሌላ ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ። ስህተት ነው፣ ማንም ይቅርታ አልጠየቀም ብዬ።»

ሻያቸውን ወደ ጎን ገፉት።

«መቼ?»

«በዚያው ዓመት።»

«እስከ ዘንድሮ ድረስ በየኢዱ አውጥቼ የማነበው ወረቀት በዚያው ዓመት ሞቶ ነበር ማለት ነው?»

«አዎ።»

ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁት፤ ያኔ ነው የሆነ ነገር ደረቴ ላይ የመጣው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። አመመኝ። «ይቅርታ» አልኳቸው።

«የትኛውን ነው?» አሉ ሳይቆጡ። «የምትሰጪኝን ነው የምትጠይቂኝን?»

«የምጠይቅዎትን።»

«እንግዲያው ድርጊቱን ከነባለቤቱ ጻፊው።»

ባዶ ወረቀት አቀረቡልኝ። በቀስታ ጻፍኩ፤ «ሀ»ና «ሐ»ን ለይቼ። የኛ ወታደሮች በዚህ መንደር ሰው ገድለዋል፣ ቤት አቃጥለዋል። ለዚህ ይቅርታ… እዚህ ላይ ቆምኩ። «እንጠይቃለን» ብዬ እንዳልጽፍ ማን ወክሎኛል? ማንም። «እጠይቃለሁ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ስሜን ከነአባቴ ስም አሰፈርኩ።

አቶ ኢድሪስ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አቅርበው አነበቡት። አንዴ አነበቡት፣ ደግመው አነበቡት። ጣታቸው የመጨረሻዋ ቃል ላይ ቆመ።

«አንቺ ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«አይበቃም» አሉ።

ከዚያ ወረቀቱን ለሁለት አጥፈው ሃያትን ጠሩና ለድንጋይ ጠራቢው እንድትልከው ሰጧት።